ሰው የማይቆምበት ፖስተር፦ ችግሩ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

የጥናት ጉባኤ ላይ ነን፤ የሻይ ዕረፍቱ 20 ደቂቃ ነው እንበል። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ 60 የጥናት ፖስተር ተሰቅሏል። አንድ ተሳታፊ ስኒውን ይዞ «ሁሉንም ልይ» ቢል ለአንዱ 20 ሰከንድ ይደርሰዋል። እሱም መንገድ ላይ ወዳጅ አግኝቶ ሰላምታ ካልገባ ነው።

የመጀመሪያ ፖስተሬን ስሰቅል ይህን ሂሳብ አላሰብኩትም ነበር። የለፋሁበትን የማስተርስ ጥናት ከመግቢያው እስከ ዋቢ ጽሑፎቹ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሬ አጠገቡ ቆምኩ። ሰዎች ቀና ብለው ያዩና ያልፋሉ። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የታናናሽ ባልደረቦቼንም ፖስተር ደጋግሜ ሳርም የማየው ችግር ያው ነው። ምልክቱ አዳራሽ ውስጥ ይታያል። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በፊት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን የወሰንነው አንድ ነገር ነው።

ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከጤና ጥናት ናቸው፤ የምሠራበት እሱ ስለሆነ። የግብርና ወይም የምህንድስና ሰው ብትሆኑም ነገሩ አይጠፋችሁም።

ርዕሱን አይተው ያልፋሉ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ርዕሱ ራሱ ነው። ከቴሲሱ ሽፋን እንዳለ ተገልብጦ ይመጣል፦ «በ… ከተማ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቅድመ ወሊድ ክትትል በሚያደርጉ ነፍሰ ጡር እናቶች ዘንድ የብረት እንክብል አወሳሰድ ሁኔታና ተያያዥ ምክንያቶች፦ ተቋምን መሠረት ያደረገ ጥናት»። ቴሲስ ላይ እንዲህ ያለ ርዕስ ቦታው ነው። ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ምን አወቃችሁ? የት እንደተጠና፣ እነማን ላይ እንደተጠና፣ በምን ዘዴ እንደተጠና። ምን እንደተገኘ አንድም ቃል የለም። ሻይ የያዘው ሰው ደግሞ 20 ሰከንዱን እዚሁ ጨረሰ።

መፍትሄው ፓወር ፖይንት ከመክፈታችሁ በፊት ይጀምራል። ከሙያችሁ ውጭ የሆነ ሰው ጋ ደውሉ፤ እህታችሁ ጋ ወይም የሰፈር ጓደኛችሁ ጋ። «ለመሆኑ ያ ጥናትሽ ምን አገኘ?» ብለው ይጠይቋችሁ። ሳታስቡ የምትመልሱትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ቶሎ ወረቀት ላይ ጻፉት። ለምሳሌ፦ «እናቶቹ እንክብሉን ከጤና ጣቢያ ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ ግን ቤት ሲደርሱ አይውጡትም፣ ሆዳቸውን ያማቸዋል።» ይህን ለማሳያ የፈጠርኩት እንጂ የማንም ጥናት ውጤት አይደለም። ግን ልዩነቱን እዩት። ይህን ያነበበ ሰው «እንዴ? ግማሾቹ?» ብሎ ይቆማል። የፖስተሩ ትልቁ ጽሑፍ መሆን ያለበት ይህ ነው።

አንዳንድ ጉባኤ የፖስተሩ ርዕስ ከተላከው አብስትራክት (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ያስገድዳል። ያኔ መደበኛውን ርዕስ አነስ አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡ። ግኝቱን ደግሞ መሐል ላይ በትልቁ ጻፉ። ማንም አይከለክላችሁም።

ይህንን ሐሳብ በጣም ያስፋፋው ማይክ ሞሪሰን ነው። አሜሪካ በሚገኘው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ የፖስተር አሠራር በቪዲዮ አቀረበ። መሐሉ ሰፊ ባለ አንድ ቀለም መደብ ነው፤ እዚያ ላይ ዋናው ግኝት በተራ ቋንቋ በትልልቁ ይጻፋል። ዝርዝሩ በጎን ባለ ጠባብ ዓምድ ይገባል፤ የቀረውን አንባቢው ኪውአር ኮዱን በስልኩ ስካን አድርጎ ያገኘዋል። ብዙ ሰው ተቀበለው፤ ብዙ ሰውም ተቃወመው። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። አንድ ጠንካራ ግኝት ካላችሁ እጅግ ይሠራል። ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ወይም የብራና ጽሑፍን የሚመረምር ጥናት ከሆነ ግን ያን ያህል ባዶ ቦታ ያባክናል። እንዲህ ላለው ጥናት መሐሉን ለአንድ ጥሩ ጥቅስ ወይም ለአንድ ጥርት ላለ ምስል ስጡት።

ስልኩን ደውላችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር ካልወጣስ? ያኔ ችግሩ ፖስተሩ ላይ አይደለም። ዲዛይኑን ተዉትና ከአማካሪያችሁ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ።

ይቆማሉ፣ ማንበብ ይጀምራሉ፣ ሳይጨርሱ ይሄዳሉ

ምክንያቱ፦ ጽሑፉ በዝቷል። ለምን እንደሚበዛም እናውቃለን። «ይህ ለምን ቀረ?» የሚለውን ጥያቄ እንፈራለን። የዲፌንስ ቀን (ጥናታችንን ፈታኞች ፊት የምንከላከልበት ቀን) ፍርሃት ፖስተሩ ድረስ ይከተለናል።

እኔ ከ500 ቃል በላይ አልጽፍም። ለማውጣት የሚከብዳችሁ ከሆነ ከእነዚህ ጀምሩ። አብስትራክቱ ይውጣ፤ የጉባኤው መጽሔት ላይ ታትሟል፣ ፖስተሩ ራሱም አብስትራክት ነው። የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ዋቢ ጽሑፍ ሦስት ወይም አራት ይሁን።

የናሙና መጠን ማስያ ቀመሩም ይውጣ። ብዙዎቻችን ያንኑ ቀመር ነው የምንጠቀመው። ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 በመቶ ብለን እንይዛለን፤ 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ስንጨምር 422 ይሆናል። ጉባኤው ላይ ያለው ሰው ይህን በልቡ ያውቀዋል። «በ4 ጤና ጣቢያዎች 422 እናቶችን ጠየቅን» ብላችሁ ብትጽፉ ዘዴውም የናሙናው መጠንም በአንድ መስመር አለቀ።

ቀጥሎ የዕድሜ፣ የሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃና የገቢ ሠንጠረዥ አለ። ብዙ ጊዜ የፖስተሩን ሲሶ የሚበላው እሱ ነው። ከግኝታችሁ ጋር በቀጥታ የሚገናኙትን ሁለት መስመሮች አስቀሩ፤ ሌላው በኤ4 ታትሞ በእጃችሁ ይሁን። አማካሪያችሁ «ሠንጠረዡስ?» ሲሉ ያንን ታሳያላችሁ። አማካሪን ለማሳመን ሌላም መንገድ አለኝ። ሁለቱንም ዓይነት በኤ4 አትሜ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ እለጥፍና «ከበር ላይ ሆነው ይዩልኝ» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር አይኖርም።

ተጠግተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያነባሉ

ፎንቱ ትንሽ ነው። እናንተ ስክሪን ላይ እያጎላችሁ ስለሠራችሁ አልታወቃችሁም።

ለፖስተር የምንጠቀምበት ትልቁ የኤ0 ወረቀት በቁመትም በወርድም ከኤ4 አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀላል ፈተና አለ። ፖስተሩን በተራ ኤ4 ወረቀት አትሙት። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ያለችግር ማንበብ ከቻላችሁ፣ ትልቁም ከሜትር ተኩል ርቀት ላይ ይነበባል። ኤ0 ላይ 24 ነጥብ የሆነ ፊደል ኤ4 ላይ 6 ነጥብ ይሆናል፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ያለችው ወረቀት ማለት ነው። 36 ብታደርጉት 9 ይሆናል፣ እሱ ይነበባል። ዋናው ግኝት ከ100 በላይ ይሁን። የክፍል ርዕሶች ከ50 እስከ 60 ቢሆኑ ይበቃቸዋል።

አማርኛ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጨምሩለት። እንደ «ጭ»፣ «ጨ»፣ «ጪ» ያሉ ፊደሎች ልዩነታቸው በትንንሽ ጭረት ነው፤ ከርቀት ይዋጣሉ። በጣም ሲደምቁም ውስጣቸው ያለው ክፍተት ይደፈናል። በመስመሮች መካከልም ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ቦታ ስጡ። ሌላም ነገር አለ፦ ፊደላችን እንደ ላቲኑ የራሱ ዘመም ያለ አጻጻፍ የለውም። ኮምፒውተሩ በግድ ሲያዘምመው ያስጠላል። ማጉላት ስትፈልጉ ደመቅ ወይም ባለቀለም አድርጉት።

አማርኛው ሳጥን ሆነ

ይህ የሚያጋጥመው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፣ ያውም በመጨረሻው ሰዓት። ቤት ውስጥ ያማረው ርዕስ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ወይም የማይገናኙ የላቲን ፊደሎች ይሆናል።

ሁለቱ ምልክቶች ምክንያታቸው ይለያያል። ሳጥን ከሆነ፣ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ያ ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። የላቲን ፊደል ትርምስ ከሆነ ግን ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል አሰያየም) ውጭ በተሠራ የድሮ ፎንት ተጽፏል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲኖቹ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ከአሮጌ ፋይል ጽሑፍ ገልብጣችሁ ካመጣችሁ ይህ ይደርስባችኋል።

ለመጀመሪያው መፍትሄው ፓወር ፖይንቱን ሳይሆን ፒዲኤፉን መውሰድ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። መያዙን ለማረጋገጥ ፋይሉን አዶቢ ሪደር ላይ ክፈቱና ባሕርያቱን የሚያሳየው መስኮት ውስጥ የፎንቶቹን ዝርዝር እዩ። የእኔ አቋራጭ ከዚህ ይቀላል፦ ፒዲኤፉን ወደ ጓደኛ ስልክ እልካለሁ። እዚያ በትክክል ከታየ ማተሚያ ቤትም የመታየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለሁለተኛው ግን አቋራጭ የለውም። በዩኒኮድ ፎንት እንደገና ጻፉት። ናያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሁሉም ይሆናሉ። ከርቀት ለሚነበብ ነገር እኔ ኖቶን እመርጣለሁ፤ ቀጥ ያለና ጥርት ያለ ነው።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። የአገሩ ማተሚያ ቤት ባለሙያ ሳጥኑን ሲያይ ስህተት መሆኑን ላያውቅ ይችላል። አትሞ ይሰጣችኋል።

ስክሪን ላይ ጥርት ያለው ምስል ሲታተም ደበዘዘ

ብዙዎቻችን ፓወር ፖይንት ከፍተን ቀጥታ መሥራት እንጀምራለን። ተራው ሰፊ ስላይድ ግን 33.87 በ19.05 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ ወርዱን ወደ አግድም ኤ0፣ ማለትም ወደ 118.9 ሲያሳድገው ሦስት እጥፍ ተኩል ይለጥጠዋል። በዚያ ላይ የስላይዱና የኤ0 ቅርጽ አይገጥምም። ወይ ከላይና ከታች ባዶ ይቀራል፣ ወይ የሰዎቹ ፊት ይለጠጣል።

ስለዚህ ገና ባዶ እያለ መጠኑን አስተካክሉ። ዲዛይን ከሚለው ስር ስላይድ ሳይዝ፣ ከዚያ ከስተም ውስጥ ገብታችሁ ለቁም ፖስተር ወርዱን 84.1፣ ቁመቱን 118.9 በሉት። ፓወር ፖይንት ከ142.24 ሳንቲሜትር በላይ አይቀበልም። የእናንተ ከዚያ ከበለጠ በግማሽ መጠን ሥሩና ለማተሚያ ቤቱ «200 በመቶ አድርጋችሁ አትሙ» በሏቸው።

ምስሎቹን በተመለከተ ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ለፖስተር ይበቃል። 20 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ፎቶ ወደ 1,200 ፒክስል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከድረ ገጽ የተቀዳ የዩኒቨርሲቲ ሎጎ ብዙ ጊዜ 200 ፒክስል እንኳ አይሞላም። የዩኒቨርሲቲያችሁን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ግራፉን ከኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ስክሪን ላይ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ፤ ቁጥሮቹን ወስዳችሁ እዚያው ፓወር ፖይንት ውስጥ ብትሠሩት የፈለጋችሁትን ያህል ቢያድግ አይደበዝዝም።

አንድ ጥፋት ደግሞ ሳናውቀው ቴሌግራም ላይ ይፈጸማል። ከመስክ የተነሳ ፎቶ በፎቶነቱ ሲላክ ይጨመቃል፣ ጥራቱም አብሮ ይሄዳል። ፎቶውንም ፖስተሩንም እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ።

ለማረጋገጥ ስክሪኑን 100 በመቶ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ጥግ ተመልከቱ። እዚያ የደበዘዘ ወረቀት ላይም ይደበዝዛል።

«መረጃው አልቆየም ወይ?» ይላሉ

የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው፤ ስንቱን ጥሩ ጥናት እንደጎዳ አይቻለሁ። ግራፉ ሥር «2015» ተብሎ ተጽፏል። ከኬንያ ወይም ከጀርመን የመጣው ተሳታፊ አሮጌ መረጃ ነው ብሎ ያስባል፣ በጨዋነትም ሳይጠይቅ ያልፋል።

የእኛ 2015 ዓ.ም. የገባው እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ላይ ነው። የመንግሥት ተቋማት ሪፖርት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠላለፋል። የ2015 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 መሆኑ ነው። ከጤና ጣቢያ መዝገብ የተወሰደ መረጃ ብዙ ጊዜ በዚህ አቆጣጠር ነው የሚመጣው። ሰባት ብቻ ወይም ስምንት ብቻ ደምራችሁ ብትቀይሩት ግማሹ ዓመት ይሳሳታል።

ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ወሩንና ዓመቱን ወደ አውሮፓውያኑ ቀይራችሁ ጻፉ። የበጀት ዓመት ከሆነ «እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 እስከ ሐምሌ 2023» ተብሎ ይዘርዘር። አገር ውስጥ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ። ፖስተሩ በአማርኛ ሆኖ ግራፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። ሁለት አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ያለ ማብራሪያ የሚገናኘው እዚህ ነው።

ግራፉን አይተው ዝም ይላሉ

ማብራሪያውን ከግራፉ ጎን ካለው የቀለም ዝርዝር ጋር እያመሳከሩ መሆናቸው ነው። ዓይናቸው ሲመላለስ ይደክማል። ስሙን ራሱ ዓምዱ ላይ ጻፉት፤ ዝርዝሩን አጥፉት። ባለ ሦስት ገጽታ ክብ ግራፍ አትጠቀሙ፤ ወደ ፊት የቀረበው ቁራጭ ከእውነቱ ይበልጥ ትልቅ ይመስላል። አምስት ዓምድ ካለና ታሪኩ የአንዱ ከሆነ እሱን ብቻ አቅልሙና ሌሎቹን ግራጫ አድርጉ። የግራፉ ርዕስም ግኝቱን ይናገር፤ «ምስል 2» ብቻውን ለማንም ምንም አይነግርም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንወዳለን፤ ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ ከአንድ ሜትር በኋላ አይታይም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎችም አሉ፣ በተለይ ወንዶች። «ቀዩ የሞቱት፣ አረንጓዴው የዳኑት» ብላችሁ የሠራችሁት ግራፍ ለእነሱ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ሰማያዊና ብርቱካናማ ብታደርጉት ለሁሉም ይለያል።

የኦድስ ሬሾ (የሁለት ቡድኖች ዕድል ንጽጽር) ሠንጠረዥ ግድ ከሆነባችሁ፣ ትርጉም ያላቸውን መስመሮች ብቻ አስቀሩ። ከጎናቸው ደግሞ በሰው ቋንቋ ጻፉ፦ «ምክር ያገኙት እናቶች የመውሰድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው»።

ቀለሙ ተቀየረ

ስክሪን በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ማተሚያ በቀለም። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይጠቁራል። የፖስተሩን አንድ ቁራጭ በዚያው ማሽን በትንሹ አሳትማችሁ እዩ። ከጀርባ ጥቁር ወይም ድብልቅልቅ ያለ ፎቶ አታድርጉ። ነጭ መደብ ከሁሉም ይሻላል።

ሰሌዳው ላይ አልገባም

በአንድ ጉባኤ ላይ ይህ በእኔ ደርሷል። ወርዱ 120 ሳንቲሜትር የሆነ አግድም ፖስተር ይዤ ሄድኩ። ሰሌዳው 90 ነበር። ጫፉ ወደ ጎረቤቴ ፖስተር ገባ፤ አጥፌ ሰቀልኩት፣ የታጠፈው ደግሞ ውጤቱ የነበረበት ነው። ተቀባይነት ማግኘቴን የሚገልጸው ደብዳቤ ላይ መጠኑ ተጽፎ ነበር። እኔ ያነበብኩት «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን ብቻ ነው።

ደብዳቤውን እንደገና ክፈቱት። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቁም ነው አግድም፣ ስንት በስንት ነው፣ በምን ነው የሚሰቀለው። ካልተጻፈ ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጻፉ። ከመልሱ በፊት ዲዛይን አትጀምሩ።

የሚታተምበት ነገርም ለውጥ አለው። ወረቀት ጥርት ይላል፣ ግን በቱቦ ተጠቅልሎ መጓዝ አለበት፤ ዝናብም አይችልም። የባነር ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታ በቶሎ ይገኛል፣ ግን ያብረቀርቃል፣ ይከብዳል፣ ፒን አይይዘውም። ጨርቅ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሩቅ አገር በአውሮፕላን ከሆነ ጨርቁ ያዋጣል። የትኛውም ቢሆን ፕላስተር፣ ፒንና ትንሽ መቀስ በቦርሳችሁ ያዙ። አዘጋጆቹ እንሰጣለን ቢሉም።

ኅትመቱን ለዋዜማው አታቆዩት። መብራት ይጠፋል፤ ማሽን ይበላሻል። ሰሞኑን ምርቃት ከሆነማ ማተሚያ ቤቱ ባነር በባነር ነው። አራት ወይም አምስት ቀን ቀደም በሉ። ሲታተም እዚያው ቁሙ፣ ከመክፈላችሁ በፊትም ዘርግታችሁ አንብቡት። ፒዲኤፉን ፍላሽ ላይም ኢሜይላችሁ ላይም አስቀምጡ።

ስካን ያደርጋሉ፣ ምንም አይከፈትም

ኪውአር ኮድ ላይ የማየው ዋናው ስህተት የጎግል ድራይቩ ፋይል ለባለቤቱ ብቻ ክፍት መሆኑ ነው። እናንተ ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ሌላው ግን «ፈቃድ ጠይቅ» ይባላል። ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት አድርጉትና በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። ሁለተኛው መጠን ነው። የኮዱ ስፋት ስካን ከሚደረግበት ርቀት አንድ አስረኛ ይሁን። አንድ ሜትር ላይ ለቆመ ሰው 10 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ጥቁር በነጭ ይሁን፣ ዙሪያውም ነጭ ክፍተት ይኑረው።

የአዳራሹ ኢንተርኔት ደከም ሊል ይችላል። 20 ያህል ኤ4 ኮፒ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ፋይሉም ከባድ አይሁን።

ሰው ቆሟል፣ እናንተ ግን ምን እንደምትሉ አታውቁም

ፖስተሩ ተሳክቶ ንግግሩ የሚከሽፍበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ ምልክት አቅራቢው ጀርባውን ሰጥቶ ማንበብ መጀመሩ ነው፦ «መግቢያው ላይ እንደሚታየው…»። ሌላው ደግሞ ዝምታ ነው። ይህን ከአስተዳደጋችን ጋር አያይዘዋለሁ። ታላቅ ሰው ሲመጣ ቀድሞ መናገር ድፍረት ይመስለናል። ፕሮፌሰሩ እስኪጠይቁን እንጠብቃለን፣ እሳቸው ደግሞ እኛን ይጠብቃሉ። ትንሽ አይተው «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለው ይሄዳሉ።

ቀድማችሁ ተናገሩ፣ በአክብሮት። «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ በአንድ ደቂቃ ላስረዳዎት?» ማለት ነውር የለበትም። እሺ ካሉ ከግኝቱ ጀምሩ። ያችን በስልክ የተናገራችኋትን ዓረፍተ ነገር በሉ፤ ግራፉን በእጃችሁ አሳዩ፤ ከዚያ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እርስዎ በሚሠሩበት አካባቢ እንዴት ነው?» ብዙ ጊዜ ከፖስተሩ የሚበልጠው ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ጥያቄ መልስ ነው። እኔ ለቀጣዩ ጥናቴ ሐሳብ ያገኘሁት እንዲህ ነው።

የአንድ ደቂቃውን ንግግር ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አሥር ጊዜ ተለማመዱት። በእንግሊዝኛ ከሆነ በተለይ። ከፖስተሩ ፊት አትቁሙ፣ ከጎኑ ቁሙ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ሰው ካናገራችሁ በኋላም ማስታወሻ ያዙ፤ ማታ ስሙም ምክሩም ይጠፋል።

አብሮ የሠራ ሰው ተቀየመ

ስሙ ቀርቷል፣ ወይም ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል። አጭር ነገር ነው ግን ዓመታት ይዘልቃል። ከኅትመቱ በፊት ፒዲኤፉን ለሁሉም ላኩ፣ የሁሉንም «እሺ» በጽሑፍ ተቀበሉ። የገንዘብ ድጋፍ የሰጠው አካልና የሥነ ምግባር ፈቃዱ መጠቀሳቸውን አብራችሁ እዩ።

የታማሚ ወይም የሕፃን ፎቶ ካለ ደግሞ ቆም በሉ። እናትየው መጠይቁን ለመሙላት ነው የፈቀደችው፣ ፊቷ አዳራሽ እንዲሰቀል አይደለም። ለፎቶው የተለየ ፈቃድ ከሌላችሁ አውጡት። ዓይን ላይ ጥቁር መስመር ማድረግ ማንነትን አይደብቅም፤ ጎረቤቷ ያውቃታል።

ጉባኤው አለቀ፣ ፖስተሩ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ

ይህንን ብዙ ሰው እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። እነዚያ 422 እናቶች ጊዜያቸውን ሰጥተውናል። ብዙዎቹ «ውጤቱን ትነግሩናላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል፤ እኛም እሺ ብለናል።

ጉባኤው በእንግሊዝኛ ስለነበር ፖስተሩ እንዳለ አይጠቅማቸውም። አንድ ከሰዓት መድቡና አማርኛውን ሥሩ፤ የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ከሆነ በዚያ። ኤ2 መጠን ይበቃል። ፒ-ቫሊዩና መሰል የስታቲስቲክስ ቁጥር አያስፈልግም፣ ዘዴውም ሁለት መስመር ይበቃዋል። ግኝቱን በትልቁ ጻፉ፤ ከሥሩ «ሆድዎን ካመመዎት እንክብሉን ከማቆምዎ በፊት አዋላጅ ነርሷን ያማክሩ» ዓይነት የሚጠቅም ምክር አክሉ። ምክሩን ግን የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች አይተው ይስማሙበት።

ከዚያ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩና ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ከአግዳሚ ወንበሩ በላይ ቦታ ጠይቁ። እናቶቹ ተራ ሲጠብቁ የሚቀመጡት እዚያ ነው። 20 ሰከንድ ሳይሆን አንዳንዴ ሁለት ሰዓት።